የጉራች ጫንቃ

ስመኘውን በቃኝ ያልሁት በግንቦት ልደታ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን ሰው በሚሰነባበትበት በር ላይ።

"ወይፈኔ ደርሷል። ወንዱ ልጄ ክንዱም እርፍ መያዝ ችሏል። ከእንግዲህ የራሴ ጥንድ አለኝ፤ መቀናጆው ይቅር" አልሁት።

መሬት መሬት እያየ "ይሁን" አለ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ እኔ ለስድብ መልስ አላጣም።

ጎረቤቴ ነው። ባሌ ከሞተ ጀምሮ የሱ አንድ በሬ ጉራችና የኔ አንድ በሬ ዳልቻ በመቀናጆ፣ በአንድ ቀንበር ሲያርሱ ኖሩ። አንድ ቀን የሱን ማሳ፣ አንድ ቀን የኔን። እርፉን ሁልጊዜ የሚይዘው እሱ ነው፤ በእኛ አገር ሴት አታርስም። ታዲያ አምና ዝናቡ ሲዘገይ የራሱን አስቀድሞ ዘራና የኔ በቆሎ ቀጭጮ ቀረ። ያን በሆዴ ይዤ ወይፈኑን ሳሳድግ ከረምሁ። ሰው ግትር ይለኛል። ነኝ።

ሰኔ ሲገባ የኔ በቆሎ በቀለ። የስመኘው ማሳ ግን አረም እንደለበሰ ነው። አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። በዚያ በኩል ሳልፍ ፊቴን አዙሬ ነው የማልፈው።

ልጄ ሜላት ቡሬ ቤት ተከራይታ ዘጠነኛ ክፍል ትማራለች፤ የምትመጣው ቅዳሜና እሁድን ነው። በዚያ ሰሞን ግን የኬሚስትሪ ፈተና ደርሶባት ለጥናት ሳምንቱን ተለቀው ነበርና፣ ሰኞ ማታ ከመደቡ ላይ በከሰል ክብ ክብ ትስል ጀመር። እኔ ፊደል ከመለየት አላለፍሁም፤ ቢሆንም ስታጠና አጠገቧ እቀመጣለሁ። ለኔ ስታስረዳኝ ለራሷም ይገባታል።

"መሀሉ ኒውክለስ ነው" አለች። "ኤሌክትሮኖቹ ደግሞ ዙሪያውን በየክባቸው ናቸው። የመጀመሪያው ክብ ሁለት ይይዛል፣ ቀጣዩ ስምንት። የውጭው ክብ ካልሞላ አቶሙ አያርፍም። ወይ ይሰጣል፣ ወይ ይቀበላል፣ ወይ ይጋራል።"

"እንዴት ነው የሚጋራው?"

"ሃይድሮጅን ያለው አንድ ነው፤ አንድ ይጎድለዋል። ሌላውም ሃይድሮጅን እንዲሁ። አንድ አንዳቸውን መሀል ላይ ያመጣሉ። ማንም ለማንም አልሰጠ፤ ግን ሁለቱም ጥንድ አላቸው።" ሳቀች። "መምህራችን ከሰፈራችሁ ምሳሌ አምጡ ሲሉ ምን እንዳልሁ ታውቂያለሽ? የእኛን ዳልቻና የጋሼ ስመኘውን ጉራች። መቀናጆ ማለት ይሄው ነው አልኋቸው። ክፍሉ ሁሉ አጨበጨበልኝ። አሁን ልጆቹ ዳልቻ ነው የሚሉኝ።"

መቀናጆው እንደፈረሰ አልነገርኋትም ነበር። ወሬውን ላስቀይራት ብዬ ሁለት ነጥብ ወዳለበት ክብ አመለከትሁ።

"ይሄስ ብቻውን የተቀመጠው?"

"ሂሊየም ነው። እሱ ከመነሻው የራሱ ሁለት አለው። ሞልቶለታል፤ ማንንም አይፈልግም።"

"አየሽ፣ ብልሁ እሱ ነው።"

"ብልህስ ይሁን። ግን ከማንም አይጣመርም። ውሃ አይሆን፣ ስኳር አይሆን። ፊኛ ውስጥ ነው የሚጨምሩት።"

ወደ ሃይድሮጅኖቹ ተመልሼ "የተጋሩት መለያየት ቢፈልጉስ?" አልኋት።

"ይለያያሉ፤ ግን ጉልበት ይፈጃል ይላል መጽሐፉ። ዝም ብሎ አይላቀቅም።"

እኔን ምን ጉልበት ፈጀኝ? በር ላይ አንድ ቃል።

"ነገ ለጋሼ ስመኘው እነግረዋለሁ" አለች ከሰሏን እየጣለች። "በሬው ቡሬ ድረስ ስሙ መጠራቱን ይስማ።"

በማግስቱ ሜላት ሳትነሳና ስመኘውን ሳታገኘው ዳልቻን ፈትቼ ወደ ስመኘው ማሳ ወረድሁ። እያረሰ ነው። ፍኖተ ሰላም ጋሪ ከሚነዳ ወንድሙ ፈረስ ተውሶ ከጉራች ጋር ጠምዷል። ፈረሱ ወደፊት ይነጥቃል፣ በሬው ይጎተታል፣ ቀንበሩ ተንጋዷል። የጉራች ጫንቃ ተልጦ ቀይ ሥጋው ይታያል፤ ዝንብ ወሮታል።

ሚስቱ እጅጉ ዘሩን በቁና ይዛ ከኋላ ትከተለዋለች። ቀድማ አየችኝ።

"ባለ ጥንዷን ዛሬ ምን እግር ጣላት? መንገድ ጠፍቷት ይሆን?"

"አልጠፋኝም።"

ስመኘው ፈረሱን አቆመ። "በሬሽን አመመው እንዴ?"

"አላመመውም። ፈረሱን ፍታው።"

"ያንቺስ ማሳ?"

"የኔ በቅሏል" አልሁ። ይሄን ስናገር ወደ እጅጉ ቁና ማየት አቃተኝ።

ፈረሱን ፈታው። ጉራች ዳልቻን ሲያይ ማንም ሳይነዳው ወደ ግራ ወደ ጥንቱ ቦታው ፈቀቅ ብሎ አንገቱን ዝቅ አደረገ። ስመኘው ቀንበሩን ቢያስነካው ግን መላ አካሉ ተንቀጠቀጠ።

"አይሆንም" አለ ስመኘው። "እስኪድን አይጠመድም።"

እኔ እንደመጣሁ ነገሩ ሁሉ ወደ ድሮው የሚመለስ መስሎኝ ነበር። ከዚያ "ክንዱ ወይፈኑን ያመጣዋል" አልሁ። "በኔ ጥንድ እረስ። ጉራች ይረፍ።"

"ከዚያስ? እንደገና ቤተ ክርስቲያን በር ላይ እስክታሰናብቺን?" አለች እጅጉ።

"ተይ አንቺ" አላት ስመኘው።

ፀሐይ ሞቅ ሲል ዳልቻና ወይፈኑ የስመኘውን ማሳ አጋመሱት። እኔ ከዛፍ ጥላ ሥር የጉራችን ጫንቃ ቅቤ እቀባለሁ። ሜላት ከላይ እየሮጠች ወረደች፤ የክፍሉን ወሬ፣ ጭብጨባውን፣ ስሟ ዳልቻ መባሉን ሁሉ ለስመኘው ዘረገፈችለት። እርፉን ይዞ እስከ መጨረሻው ሰማት።

"ልክ ነሽ ልጄ" አላት። "መቀናጆ እንደዚያ ነው።" ወደ እኔ አላየም።

ሜላት ዞር ስትል ጉራችን አየችው።

"ውይ፣ ምን ነካው?"

"ቀንበሩ ነው" አለ ስመኘው።

ቅቤው በጣቶቼ ላይ ቀልጦ ይወርዳል።

"ቀንበሩ አይደለም" አልኋት። "ነይ፣ አጠገቤ ተቀመጪ።"