እንደ ሚስትህ የማይጮህ ማሽን

የልብስ ማጠቢያ ማሽን በሚሸጥ ድርጅት ውስጥ የደንበኞችን ቅሬታ የምቀበለው እኔ ነኝ። ሰሞኑን ሥራ በዝቶብኛል። አደባባዩ ላይ የተሰቀለው ማስታወቂያችን ከአዲሱ ማሽን ሥዕል በታች «እንደ ሚስትህ አይጮህም!» ይላል። በአራት ቀን ሠላሳ ሰባት ሰው ደውሎ ልክ ልካችንን ነግሮናል። እውነታቸውን ነው።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነው። ቀልዱ የእኔ ነው። ምሳ ላይ አለቃችንን ላስቅ ብዬ «ይሄ ማሽን እንደ ሚስቴ አይጮህም» አልኩ። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው! አለቃችን እንባው እስኪፈስ ሳቀና ወስዶ ሰቀለው።

በድርጅታችን አሠራር ቅሬታ ተቀባይ የሚለው ሁሉ ተጽፎ የተሰጠው ነው። የደንበኛውን ቃል መዝግቦ መልሶ ያነባል፣ «ድርጅቱ አዝኗል» ይላል፣ ይሰናበታል። ከራስ መጨመር ክልክል ነው። ሠላሳ ሰባቱንም እንዲሁ ሸኘኋቸው።

ሠላሳ ስምንተኛዋን ገና «ሄሎ» ስትል አወቅኋት።

«ቅሬታ ላስመዘግብ ነበር» አለች ባለቤቴ።

«አንቺ ነሽ እንዴ? ምነው፣ በደህና?»

«እርስዎ ይበሉኝ። ማሽን ከእናንተ የገዛሁ ደንበኛ ነኝ። የደወልኩት ስለ ማስታወቂያችሁ ነው።»

«እሺ... ይቀጥሉ» አልኩ።

«የባሌ አባት ጆሯቸው አይሰማም። ቀኑን ሙሉ ‹አባባ መድኃኒትዎን! አባባ ምሳዎን!› ስል እውላለሁ። ልማድ ሆኖብኝ ባሌንም ጮኼ ነው የማናግረው። ይኸው ነው ጩኸቴ። ይጻፉልኝ።»

ጻፍኩ። መልሼ ሳነብላት «አባባ ምሳዎን» የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ እንደ ደንቡ «ድርጅቱ አዝኗል» አልኩ።

«ድርጅቱን አላገባሁትም» አለች።

ጥሪው ይቀዳል፤ አለቃችንም ከፈለገ ያዳምጣል። የመጣው ይምጣ አልኩ።

«ቀልዱ የእኔ ነው» አልኳት። «አባቴን የምትጦርልኝን ሴት የአገር መሳቂያ አደረግኩ። አፈርኩ። ይቅር በይኝ። ማስታወቂያው እንዲወርድ አሁኑኑ እጠይቃለሁ።»

ዝም አለች። እሷ ዝም ስትል ሰምቼ ስለማላውቅ ፈራሁ። ትታኝ የምትሄድ መሰለኝ።

ቀና ስል አለቃችን ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በሩ ላይ ቆሟል። ዛሬ እንጀራዬ አበቃ ብዬ ተነሳሁ።

«ነገ ጠዋት ይወርዳል በላት» አለ በቀስታ። «ስትጨርስ ለእኔም ሚስት ደውልልኝ። ሦስት ቀኗ ነው ካኮረፈችኝ።»

«ነገ ጠዋት ይወርዳል» አልኳት።

አሁንም ዝም። ከዚያ ድንገት ጆሮዬ ላይ ጮኸችብኝ፤ «ዛሬ በጊዜ ና! አባባን እራት የምትጠራቸው አንተ ነህ!»

ድምጿ ከስልኩ አልፎ ቢሮው ውስጥ ተሰማ፤ የሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ ሳቁ። እኔ ግን እፎይ ብዬ ወንበሬ ላይ ተዘረፈጥኩ። ሰው ጮሆብኝ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።