ከመዝገቡ የሚጠፉት ስሞች

ሩቲ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ያደገች ልጅ ናት፤ ሥራዋ ፕሮግራም መጻፍ ነው። በ2006 ዓ.ም. ክረምት የቤተ ክርስቲያናቸው እድር ሰብሳቢ ጋሽ ጸጋው ለምነዋት የአባላቱን መዝገብ በድረ ገጽ ሠራችላቸው። ኮምቦልቻ ያሉት አባላትም ደሴ ድረስ ሳይለፉ ስማቸውን እንዲያዩ ብላ ያለ ይለፍ ቃል ክፍት አደረገችው።

በሁለተኛው ሳምንት ገብሬ የሚባል አባል ስም ጠፋ። በሦስተኛው ቀን ገብሬን መኪና ገጨውና ሞተ። ሩቲ "ተሳስቼ ይሆናል" ብላ ተወችው። ከዚያ ሌሎች ሁለት ስሞች ጠፉ። በገብሬ ለቅሶ ቤት ወሬው ሁሉ አንድ ሆነ፤ "መጀመሪያ ከኮምፒውተሩ፣ ቀጥሎ ከምድር።"

አንድ ረፋድ የእድሩ አባል እማማ ፀሐይነሽ ከኮምቦልቻ በሚኒባስ መጥተው በሯ ላይ ቆሙ።

"ምራቴ ስልኳ ላይ ፈልጋ አጣችኝ። ስሜን ማን ነው የሰረዘው?"

"በጌታ ስም! ማንም አልሰረዘዎትም፣ እማማ።"

"ታዲያ የት ሄድሁ?"

ሩቲ ወንበር ሰጥታቸው፣ ወደ ድረ ገጹ ማን መቼ እንደገባ የሚያሳየውን መዝገብ ከፈተች። ስሞቹ ሁሉ የጠፉት አንድ ጎብኚ በገባበት ደቂቃ ነው። ጎብኚው ሰው አልነበረም፤ ድረ ገጾችን እየዞረ የሚያነብ የፍለጋ ሮቦት የሚባል ፕሮግራም ነው። ጥያቄው ሁሉ "ጌት" ነው፤ አሳየኝ ማለት። በመጣ ቁጥር ካገኛቸው ሊንኮች አንዱን ሁለቱን እየከፈተ ያልፋል። እሷ ደግሞ ከየስሙ አጠገብ ያለውን "ሰርዝ" ተራ ሊንክ አድርጋው ነበር። እሱ አሳየኝ ባለ ቁጥር ፕሮግራሟ ይሰርዛል።

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አለች።

እዚያው ተቀምጣ ኮዱን አስተካከለች። ስረዛ "ፖስት" በሚባለው፣ ፈጽም በሚለው ጥያቄ ብቻ፣ ያውም በይለፍ ቃል ሆነ። "ጌት" ብሎ የመጣ "አልተፈቀደም" ተብሎ ይመለሳል። የጠፉትንም ከመጠባበቂያ ቅጂው መለሰች።

"ይኸው፣ ተመልሰዋል።"

እማማ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ። ከስማቸው በላይ ገብሬም ተመልሷል።

"እሱስ?" አሉ በቀስታ።

ሩቲ "ሰርዝ"ን ነካች። ኮምፒውተሩ "እርግጠኛ ነዎት?" ብሎ ጠየቃት።

"ተዪው" አሏት እማማ። "ዛሬ አትንኪው።"

ሮቦቱ በማግስቱ አሥራ አንድ ጊዜ መጥቶ አሥራ አንዴም ተመለሰ። እማማ ፀሐይነሽም በሕይወት አሉ። የገብሬን ስም ግን ሚስቱ ወለላ መጥታ አጠገቧ እስክትቀመጥ ድረስ ሩቲ አልሰረዘችውም። ከዚያም በኋላ ሩቲ ለብዙ ወራት ጠዋት ጠዋት ፊቷን ሳትታጠብ ስሞቹን ትቆጥር ነበር።