የዘሊንዳ እርሾ

ዐፋር ሰው ምሥጢሩን በትሕትና የሸሸገ ይመስለዋል፤ ዳሩ ግን ከልሳን የተከለከለ ቃል በልብ ውስጥ አይሞትም፤ እያደር ይመራል፣ እያደር ይከርራል። ጨዋው አንባቢ ሆይ፣ ይህን ነገር ሙሉውን ለባሌም፣ ለንስሐ አባቴም፣ ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ዛሬ የሚያስጽፈኝም ሐፍረት ሳይሆን ቁጣ ነው።

ለትምህርት ወደ ኢጣልያ ተሻግሬ፣ በቶስካና ኮረብቶች መካከል ከምትገኝ አንዲት መንደር የወይን ባለርስት ልጅ አገባሁ። የባሌ እናት ዘሊንዳ፣ ቃሏ ጥቂት እጇ ብልህ የሆነች ሴት፣ አገሬው «ቪን ሳንቶ»፣ ማለትም ቅዱስ ወይን፣ የሚለውን ታዘጋጅ ነበር። ዘለላው ከጣሪያ ሥር ተሰቅሎ እስኪጨማደድ ይደርቃል፤ በብርዱ ወራት ይጨመቃል፤ ጭማቂውም ከቶ ታጥቦ በማያውቅ ትንሽ በርሜል ገብቶ፣ አፉ በሰም ታትሞ፣ ሙቀትና ቁር እየተፈራረቀበት ለዓመታት ይኖራል። በርሜሉን ማጠብ በዚያ ቤት ነውር ነበር፤ በግርጌው የሚቀረው ወፍራም እርሾ ዘሊንዳ ከእናቷ፣ እናቷም ከአያቷ የተቀበለችው ርስት ነውና። ሴት ልጅ በተወለደች ዓመት የሚታተመው በርሜል ደግሞ ከሠርጓ ዕለት በቀር አይከፈትም። ካህኑ አባቴ ለቅዳሴ የሚሆነውን ዘቢብ ከእንጨቱ ሲለይ እያየሁ ያደግሁ ነኝና፣ ከደረቀ ፍሬ የሚወጣ ወይን ምን ያህል እንደሚከበር ለመረዳት አስተማሪ አላሻኝም።

አንድ ዓመት በብርዱ ወራት ዘሊንዳ በልብ ሕመም ሆስፒታል ተኛች። ታላቅ ልጇ ኦሬስቴ የገዛ ልጁን የኔሪናን በርሜል ከፍቶ ከአደን ጓደኞቹ ጋር ጨለጠው። ነውሩን ለመሸፈን ርካሽ ጣፋጭ ወይን ሞልቶ እንደ ገና ሊያትመው ሽቶ፣ እርሾውን በግቢው ድንጋይ ላይ ሲደፋ ደረስኩበት።

«ምን ያስፈጥጥሻል?» አለኝ እየሳቀ። «ቆሻሻ ነው የደፋሁት። ደግሞ አንቺ ስለ ወይን ምን ታውቂያለሽ? በአገርሽ ዘቢብ ውሃ ውስጥ ነክረው ወይን ነው ይላሉ አሉ!»

«የእናትህ እርሾ እኮ ነው» አልኩ በለሆሳስ።

«እንግዲያ ንገሪያት! ልቧ ቀጥ ቢል ገዳይዋ አንቺ ነሽ።»

በርሜሉን የሚያጥብበትን የፈላ ውሃ ሊያመጣ ሲገባ ተንበረከክሁ፤ በድንጋዮቹ መካከል የቀረውን በመዳፌ ዘግኜ በብርጭቆ ሸሸግሁ። በመጭመቂያው ወራት ከራሴ ድርሻ ዘለላ ጨምቄ፣ ያን እርሾ ጨምሬ፣ በአንዲት ትንሽ በርሜል አትሜ ከመኝታ ቤታችን ጣሪያ ሥር አኖርኋት። ባሌ ሲጠይቀኝ «ኮምጣጤ ነው» አልሁት፤ እርሱም አምኖኝ ኖረ።

ከዓመታት በኋላ የኔሪና ሠርግ ደረሰ። ዘሊንዳ በመንደሩ ሁሉ ፊት ማኅተሙን በገዛ እጇ ሰብራ፣ ቀድታ፣ እንደ ልማዱ ቀድማ ቀመሰች፤ ፊቷም አመድ መሰለ። ከእንግዶቹ አንዱ ጎንጨት ብሎ «ይህ የሳል ሽሮፕ ነው!» ሲል ሳቁ አዳራሹን ሞላው። ያን ጊዜ ያ ኀፍረት የለሽ፣ ያ እናቱን ያዋረደ ኦሬስቴ፣ ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ «እማዬን ይቅር በሏት፤ አርጅታለች፤ እጇም ጃጅቷል!» አለ። ዘሊንዳ እጆቿን የሌላ ሰው እጆች ይመስል አገላብጣ አየቻቸውና «እውነቱን ነው፤ ከእንግዲህ በርሜል አልነካም» ብላ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። እኔ ከፊቷ ተቀምጬ ሁሉን አየሁ፤ ያን ሌሊት ከቁጣዬ ጋር አደርኩ።

በማግሥቱ ጠዋት እንግዶቹ ለቁርስ እንደ ተሰበሰቡ፣ በርሜሌን በደረቴ ታቅፌ ወርጄ በገበታው መካከል አኖርሁና ሰሙን በቢላዋ ሰበርሁ።

«ሐበሻዋ ለቁርስ ኮምጣጤ ልታጠጣን ነው!» አለ ኦሬስቴ።

አስቀድሜ ለዘሊንዳ ቀዳሁ። አሸተተችው፤ ቀመሰችው፤ ዐይኖቿን ጨፍና ደግማ ቀመሰችው።

«ይህ የቤቴ ወይን ነው» አለች በመጨረሻ። «እርሾውን ከየት አገኘሽው ልጄ?»

«የኔሪናን በርሜል ማን እንዳጠበው ኦሬስቴ ይንገርዎት» አልሁ፤ በዚያ ቤት ድምፄን ከፍ አድርጌ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።

ኦሬስቴ ዐይኑን ከእናቱ ዐይን አሸሸ። እናቱ ፊቱን አይታ ሌላ ምስክር አልጠየቀችም፤ ያ እርሾ ከድንጋይ ላይ በመዳፍ የተዘገነ መሆኑንም እስከ ዕለተ ሞቷ አልነገርኋትም። ለሙሽራይቱ ቀዳሁ፤ ለእንግዶቹ ሁሉ ቀዳሁ፤ የኦሬስቴን ብርጭቆ ግን በገበታው ላይ በአፉ ደፍቼ አለፍሁ፤ የንጹሕ ሰው ስም ሲረገጥ እያየ የሚታገሥ ትዕግሥት፣ ለግፈኛው ጽዋ የሚቀዳ አሽከር ነውና።