ሁላችንም ቢሽዋስ

ሁለተኛው አልጋ ከጋሪው ሳይወርድ አከራዩ በረንዳው ላይ ብቅ አለና "ቆይ! ቆይ!" ብሎ ባለጋሪውን አስቆመው።

ሚሊ ቢሽዋስ ፍራሿን እንዳቀፈች ቀና አለች። ክሪሽናናጋር ከተማ ሆስፒታል በነርስነት የተመደበችው በቅርቡ ነው። ይኸው አከራይ፣ ፕራናብ ቢሽዋስ፣ በስልክ "ቢሽዋስ ነሽ? እኛም እኮ ቢሽዋስ ነን! ቤቱ የራስሽ ነው" ብሏት ነበር።

"ምን ሆነ ጋሼ?"

"አባትሽ ልብስ ሰፊውን 'አሰላሙ አለይኩም' ሲለው ሰማሁ። የአባትሽ ስም ማን ነው?"

"አንሳር አሊ ቢሽዋስ። ሙስሊም ነን።"

ፊቱ ጠቆረ። "እኔ እኮ የእኛው ወገን፣ ሂንዱ መስለሽኝ..."

"ሃይማኖቴን መቼ ጠየቁኝ? ስሜን ነው የጠየቁኝ፤ ስሜን ነገርኩዎት።"

"እኔማ ምን ቸገረኝ! ሰፈሩ ነው እንጂ።"

ምድር ቤት የተከራየው ክርስቲያኑ ልብስ ሰፊ ጆሴፍ ቢሽዋስ አንገቱን በመስኮት አወጣ። "እኔን ሰፈሩ መቼ በላኝ ጋሽ ፕራናብ?"

"አንተ ስፌትህን ስፋ!" አለና አከራዩ ወደ ሚሊ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እንዲህ እናድርግ። በሩ ላይ ቢሽዋስ ብቻ ይጻፍ። አባባም ማን ነዎት ሲሏቸው ቢሽዋስ ይበሉ፣ አለቀ። ያንን ሰላምታቸውን ደግሞ መንገድ ላይ ይተዉት።"

አንሳር አሊ ዕድሜውን ሙሉ በጀልባ ሰው ያሻገረ ሽማግሌ ነው። ሂንዱውንም፣ ሙስሊሙንም፣ ክርስቲያኑንም ቢሽዋስ በአንድ ጀልባ ጭኖ አሻግሯል። አሁን ግን ጋሪውን ተደግፎ አንገቱን ደፍቷል።

"እሺ በይው ልጄ" አላት። "በዚህ ዕድሜዬ ስም ምን ይሠራልኛል? አንቺ ብቻ ሥራሽ አጠገብ እደሪ።"

ሚሊን ያንገበገባት ከአከራዩ ንግግር ይልቅ ይህ ነው። ቢሽዋስ ማለት እምነት ነው እያለ ያሳደጋት አባቷ፣ ለአንዲት ክፍል ቤት ሲል የገዛ ስሙን ሊውጥ!

ፍራሿን ጋሪው ላይ ወረወረችና የወረደውን አልጋ በአንድ ጫፉ ያዘች። ጆሴፍ ስፌቱን ትቶ ወጣና ሌላውን ጫፍ አነሳላት።

"ቀስ በይ እንጂ፣ ጎረቤት ይሰማል" አለ አከራዩ።

ሚሊ መንገዱ ዳር እስኪሰማ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

"አባዬ! አንሳር አሊ ቢሽዋስ! ይውጡ ጋሪው ላይ፣ ሌላ ቤት እንፈልጋለን!"