የኮቱ ገበር

አልጋ ላይ መገላበጥ ሙያ መሆኑን ያወቅኩት ዳሌዬ ከተሰበረ በኋላ ነው። ጤነኛ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲዞር ያድርና ጠዋት አንዱንም አያስታውሰውም። እኔ ግን እያንዳንዷን አስታውሳለሁ። ዝናብ ባራሰው ቁልቁለት ከሐይቁ ዳር ስመለስ ወድቄ ቀኝ ዳሌዬ ከተሰነጠቀ ወዲህ፣ በአንድ ጎኔ ከተኛሁ ወደ ሌላው ለመዞር ሰው ያስፈልገኛል።

ሰውዬው ባሌ አብዱልመናን ነበር። ሐይቅ ገበያ አጠገብ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ አርባ ዓመት የሰፋ ልብስ ሰፊ ነው። ሌሊት «አብዱ» ካልኩት ዓይኑን ሳይገልጥ እጁን ከወገቤ ሥር ይሰድና «ቢስሚላህ» ብሎ ወደ ራሱ ያዞረኛል። ቀጥሎ «አንቺ ሴትዮ፣ ደግሞ ከበድሽ» ይላል። ሌላ ሰው ቢለኝ አልምረውም ነበር። እሱን ግን «ያበላኸኝ አንተ» ብዬው እተኛለሁ። አምስት ዓመት እንዲህ አደርን።

በ2014 ኅዳር፣ ጦርነቱ ከተማችን ገብቶ ስልኩም መብራቱም በጠፋበት ወር፣ የስኳር መድኃኒቱ አለቀበት። በጥይት የሞተ ስሙ ይጠራል፤ መድኃኒት አጥቶ የሞተን ማን ይቆጥረዋል? ቅሬያችን፣ ለቀብርም ለሰርግም የምንረዳዳበት የሰፈሩ ማኅበር፣ በስድስት ሰው ነው የቀበረው። ቃሬዛው ላይ የሚደረበው ጥሩ ጨርቅ፣ የጀናዛ ልብሱ፣ ከቅሬው ዕቃ ጋር ተዘርፎ ስለነበር በቤታችን ብርድ ልብስ ሸፍነው ወሰዱት። አርባ ዓመት ሰው ሲያለብስ የኖረ ሰው በነተበ ብርድ ልብስ ሄደ። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አንዲት ልጃችን ሀውራ ጅዳ ናት። ሥራዋ ከአልጋ የማትነሣ አንዲት አሮጊት ማስታመም ነው። የአባቷን ሞት የሰማችው ስልክ ሲከፈት፣ አርባው ካለፈ በኋላ ነበር። ጥቂት ቀናት አልቅሳ ዝም ስትል ሌላ ጥያቄ አመጣች።

«እማ፣ ሌሊት ማን ያዞርሻል?»

«አላህ።»

«ሰበብ ማድረስ እኮ የኛ ነው። ወላሂ እማ፣ እኔ እዚህ የሰው እናት በየሁለት ሰዓቱ አገላብጣለሁ። የኔ እናት በአንድ ጎኗ ታድራለች።»

እውነቷን ነው፤ እንደተኛሁ ነበር የማድረው። ማታ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ እልና ፊቴን ወደ ግድግዳ አድርጌ በግራ ጎኔ ጋደም እላለሁ፤ ሲነጋም እዚያው ነኝ። አቡጀዲው አንሶላ ገላዬን አንቆ ይይዘኛል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሔለን ጎኔ መቅላቱን አየችና «እናቴ፣ ይሄ ከተከፈተ ቶሎ አይድንም፤ መገላበጥ አለብሽ» አለችኝ። እኔን ብቻ ብትነግረኝ ደግ ነበር፤ ለሀውራም ደወለችላት።

በታኅሣሥ 2015 ሱረያ የምትባል የጎረቤት ልጅ ከጅዳ ስትመለስ ሀውራ አንድ ጨርቅ ላከችልኝ። አረንጓዴ ሳቲን፣ ጣት ሲያርፍበት የሚያንሸራትት። በስልክም አስጠናችኝ።

«ከትከሻሽ እስከ ጭንሽ ብቻ አንጥፊው። ከእግርሽ በኩል አቡጀዲው ይቅር፤ ተረከዝሽ የሚረግጥበት ይፈልጋል። ጉልበትሽን አጥፈሽ ረገጥ ስታደርጊ ወገብሽ ራሱ ይሄዳል። አሮጊቷ እንኳ በዚህ ግማሹን ራሷ ትዞራለች።»

«እሺ።»

«በዚህም ካልዞርሽ ግን ሥራውን ጥዬ እመጣለሁ።»

ውሏን ሳትጨርስ ከወጣች ተመልሳ መግባት እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን። እውነቱን ልናገር፤ እመጣለሁ ስትል ደስ አለኝ። ጨርቁ ባይሠራ ብዬ የተመኘሁም ይመስለኛል። እናት ክፉ አይወጣትም ያለው ሰው እኔን አላየኝም።

ጨርቁን ገና አልጋው ላይ ዘርግቼ ሳየው፣ የቅሬው ዳኛ ሸህ ሀሚዱ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሱረያን «እንኳን ደህና ገባሽ» ብለዋት ሲመለሱ ወደኔም ጎራ አሉ። ሱረያም ተከትላቸው ገባች። ሸህ ሀሚዱ ጨርቁን ሲያዩ እጃቸውን ዘረጉ።

«ማሻአላህ! ሀውራ በአባቷ ስም ለቅሬው ሰደቃ ላከች? የጀናዛ ልብስ ካጣን እኮ ዓመት አለፈን። ይሄ አምና ቢኖር አብዱልመናን በብርድ ልብስ ባልሄደ፣ መስኡዳ እህቴ።»

በእኛ አገር አረንጓዴና የሚያብረቀርቅ ጨርቅ ያየ ሰው ሌላ ነገር አያስብም፤ ወይ ለወሊይ መቃብር ነው ወይ ለጀናዛ ነው። «ኧረ ለዳሌዬ ነው» ልል አፌን ከፈትኩ። በሦስት ሽማግሌ ፊት ዳሌ የሚለው ቃል አልወጣልኝም። ደግሞም ያ ብርድ ልብስ፣ አንድ ጫፉ ተበልቶ፣ ዓይኔ ላይ መጣብኝ።

«አዎ፣ ለቅሬው ነው» አልኩ።

ቆመው ዱዓ አደረጉልኝ። ሱረያ በር ላይ ቆማ ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ። እኔ «አሚን» እያልኩ ጨርቁን አጥፌ አስረከብኩ።

በወር ውስጥ ሳቲኑ ሦስት ሰው ሸኘ። የጎረቤታችን የሙሉጌታ እናት እትዬ ስህን ሲያርፉ እንኳ፣ እነሱ ክርስቲያን ቢሆኑም ቅሬያችን አንድ ነውና፣ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አድርሷቸው ተመልሷል። ሰፈሩ ሁሉ «የሀውራ ጨርቅ» ይለዋል። እኔ አቡጀዲዬ ላይ ግድግዳዬን አያለሁ።

ሀውራ በየጊዜው ትደውላለች።

«እማ፣ እየዞርሽ ነው?»

«አልሐምዱሊላህ።»

አልሐምዱሊላህ ውሸት አይደለም፤ መልስም አይደለም። እንዲህ እያልኩ ከረምኩ። በጥር ግን ሱረያ አፏ አላስችል አላትና ነገረቻት።

«ለጀናዛ! እማ፣ ለጀናዛ?» አለች ሀውራ። መጀመሪያ ሳቀች፤ ወዲያው ሳጓ መጣ። «በቃ። ለረመዳን እመጣለሁ። ነገ ጠዋት ለአሠሪዎቼ እነግራቸዋለሁ።»

አትምጪ ማለት ነበረብኝ። «አንቺ ታውቂያለሽ» አልኳት።

ያን ቀን እንደ ልጃገረድ ዋልኩ። እያነከስኩ ክፍሏን ጠረግኩ፣ ፍራሿን ፀሐይ ላይ አወጣሁ፣ ለገንፎ ቡላ ገዝቼ ላቆይላት ወይስ ስትመጣ አዲሱን ልግዛላት እያልኩ ከራሴ ጋር ተከራከርኩ። ሲመሽ የአምባሰል ተራራ ብርድ ወረደና ቢጨንቀኝ ምስማር ላይ የተሰቀለውን የአብዱልመናንን ኮት አወረድኩ። ከሞተ ጀምሮ አልለበስኩትም፤ ሽታው እንዳያልቅብኝ ነው።

እጄን ስሰድ እጅጌው ውስጥ ሳይነካካ ሽው ብሎ ገባ። ገበሩን ራሱ ነው የሰፋው። ገበር ይቅርብኝ ለሚል ደንበኛ ሁሌ የሚላት ነገር ነበረችው፦ «ገበር ለማማር መሰለህ? እጅ ሳይታገል እንዲገባ ነው።»

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ኮቱን መልሼ ምስማሩ ላይ ብሰቅለው የሚያየኝ የለም። ሀውራ ትመጣለች፤ ሌሊት ስጠራት እጇን ከወገቤ ሥር ትሰዳለች። ብዙ ቆየሁ። አላህ ይወቀኝ፣ ሁለት ጊዜ ሰቅዬው ነበር።

በሦስተኛው አውርጄ አልጋው ላይ ዘረጋሁት፤ ገበሩ ወደ ላይ፣ ከትከሻ እስከ ጭን። ሱፉ ፍራሹን ሙጭጭ አድርጎ ያዘ። እንደ ልማዴ ፊቴን ወደ ግድግዳ አድርጌ ተኛሁ። ሌሊት ጎኔ ሲያቃጥለኝ ጉልበቴን አጠፍኩ፣ ተረከዜን አቡጀዲው ላይ ረገጥኩ፣ «ቢስሚላህ» አልኩ።

ዞርኩ። በጣም ስለቀለለኝ ደነገጥኩ፤ ሰው ያዞረኝ መስሎኝ «አብዱ» ልል ምንም አልቀረኝ።

ፊት ለፊቴ የአብዱ ትራስ ነበር። በመስኮት በሚገባው የመንገድ መብራት ጠርዙ ላይ የሰፋው ስፌት ይታያል። ከሞተ ዓመት ከሁለት ወር ሆኖታል፤ በዚያ ሁሉ ሌሊት አንድም ቀን ወደዚህ ጎን አልዞርኩም። ዳሌዬን ስወቅስ ኖሬ፣ ለካ መዞሩንም ፈርቼው ነበር። ደግሞ ከበድሽ የሚለኝ የለም። እጄን ትራሱ ላይ አድርጌ፣ የማንንም እንቅልፍ እንደማልረብሽ እያወቅኩ፣ ጮክ ብዬ አለቀስኩ።

ሲነጋ ስልኩ ጠራ።

«እማ፣ አሁን ልነግራቸው ነው» አለች ሀውራ። «እንዴት አደርሽ? መቼም አልዞርሽም።»

አልሐምዱሊላህ ምላሴ ላይ መጣች፤ መልሼ ዋጥኳት።

«ዞርኩ» አልኳት።

«በምን?»

«በአባትሽ ኮት። ገበሩ ላይ ተኝቼ። እስኪነጋ ሦስት ጊዜ ዞርኩ።»

«እማ፣ እንዳልመጣ ብለሽ ነው?»

«በአባትሽ ቀብር፣ ዞሬያለሁ።»

ከወዲያ በኩል የአሮጊቷ ድምፅ ተሰማኝ፤ በቀጭኑ፣ እያቃሰተች፣ «ያ ሀውራ፣ ያ ሀውራ» ትላለች። ዐረብኛ አላውቅም፤ ምን ፈልጋ እንደምትጣራ ግን ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም።

«ሂጂ» አልኳት፤ «አዙሪያት።»