ሁለተኛው መልስ

በዐቢይ ጾም ሱሉልታ ላይ ወተት ይተርፋል። ላሟ አትጾምም፤ ገዢው ግን ይጾማል። ስለዚህ ኦቦ ዳዲ የሚመሩት የገበሬዎች ማኅበር ወተቱን በትልቅ ማቀዝቀዣ ታንክ ያቆየዋል። የታንኩን ሙቀት ቡራዩ ቤቴ ሆኜ የምከታተልበትን ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሁለተኛ ዲግሪ አለኝ፤ ኦቦ ዳዲ ባይጠይቁኝም ነግሬያቸዋለሁ።

ሐሙስ ጠዋት ደወሉ።

«አካም ቡልቴ ሙሉዬ? ወተቱ ሞቋል።»

ስክሪኑን አየሁ። «አራት ዲግሪ ነው ኦቦ፤ አልሞቀም።»

«እጄን ታንኩ ላይ አድርጌ ነው የማወራሽ።»

«እጅ ሊሳሳት ይችላል።»

«ሃምሳ ዓመት ላም ያለበ እጅ ነው። ያንቺ ኮምፒውተር ስንት ላም አልቧል?»

ከአርባ ቤት የተሰበሰበ ስድስት መቶ ሊትር ነበር። እኔ ግን ታንኩ ውስጥ ሙቀት ስለሚለካው ሴንሰር አስተማማኝነት ማስረዳት ጀመርኩ። በትዕግሥት አዳመጡኝና «ማታ መብራት ሄዶ ነበር፤ ያኔስ ስንት ይላል?» አሉ።

ወደ ኋላ ሄጄ አየሁ። አራት፣ አራት፣ አራት፤ ሌሊቱን ሙሉ።

ኮዱን ከፈትኩ። ሴንሰሩን የሚያነበው የኮድ ክፍል፣ ፈንክሽን የምንለው፣ ሁለት ነገር ይመልሳል፤ አንደኛ ሴንሰሩ መጨረሻ የለካውን ሙቀት፣ ሁለተኛ ሴንሰሩ አሁን ደህና መሆን አለመሆኑን። እኔ የመጀመሪያውን ብቻ ተቀብዬ በሁለተኛው ቦታ ሰረዝ አስቀምጫለሁ። በእኛ ሙያ ያ ሰረዝ «ይቅርብኝ» ማለት ነው። የጻፍኩበትን ቀን አየሁ፤ ከባለቤቴ አርባ በኋላ ሥራ በጀመርኩ በሳምንቱ። በዚያ ሰሞን «ደህና ነሽ ወይ?» የሚል ጥያቄ አልወድም ነበር። ለካ ሴንሰሩንም እንዳይጠየቅ አድርጌዋለሁ።

«ኦቦ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«እሱንማ አወቅን። ወተቱን ምን እናድርገው?»

«የሞቀ ወተት ምን ይደረጋል» ብዬ ኢንተርኔት ላይ መፈለግ ጀመርኩ።

«እንዲያው ልፈትንሽ ብዬ ነው» ብለው ሳቁ። «ይርጋና ለቅቤ ይናጣል። ለፋሲካ ቅቤ ፈላጊ አይጠፋም።»

በዚያው ቀን ኮዱን አስተካከልኩ። አሁን ሁለቱንም መልስ ይቀበላል፤ ሴንሰሩ ደህና ካልሆነ ቁጥር አያሳይም፣ «አላውቅም» ይላል። እኔ በሁለት ዲግሪ ያልደፈርኩት ቃል ነው።

ሰኞ ሱሉልታ ሄጄ የማኅበሩን አባላት ይቅርታ ጠየቅሁ። የተናገርኩት ሁሉ የገባቸው አልመሰለኝም። ከመሃከላቸው ወይዘሮ ሸዋነሽ የሚባሉ ሴት ተነሥተው ከዚያው ወተት የረጋ እርጎ ያለበት ቅል አቀበሉኝ።

«በይ ናጪ» አሉ። «ይቅርታሽን በዚህ እንሰማዋለን።»

ቅቤው ሳይወጣ ክንዴ ከዳኝ። ወይዘሮ ሸዋነሽ ቅሉን ከጄ ወስደው፣ «ጎበዝ፣ ጀምረሻል» አሉኝ፤ ለሕፃን በሚባልበት ድምፅ።