አይጧ ታያለች ወይ

ማሂራ አንዴ ከያዘች አትለቅም። መርካቶ፣ ሰባተኛ በሚባለው ሰፈር፣ ከሱቆቹ በላይ አራተኛ ፎቅ በተከራየው ኮሌጅ የመመረቂያ ጥናቷን የምትሠራው በአይጦች ዓይን ላይ ነው። አይጥ መቼም እንደ ዓይን ታካሚ ፊደል አንብቢ አትባልም። ስለዚህ ውስጡ ጥቁርና ነጭ መስመር ያለው ጨርቅ በለበሰ ባልዲ መሀል፣ በማይዞር መቆሚያ ላይ ትቆማለች፤ ሲዲ ከመጣ ወዲህ ከተጣለ ቴፕ የተፈታ ሞተር ባልዲውን ያሽከረክረዋል። የምታይ አይጥ መስመሩን ተከትላ አንገቷን ታዞራለች።

የማሂራ አይጦች ግን ሦስት ቀን ሙሉ ጢማቸውን ከመጥረግ በቀር ያደረጉት ነገር የለም።

አማካሪዋ ዶክተር ይገረም ተሰላቹ። "ዕውሮች ናቸው። እስከ ዓርብ አንዷ እንኳ ካላየች ጥናቱ ይዘጋል፤ አይጦቹም ይወገዳሉ።"

"ያያሉ ዶክተር። እኔን ከሩቅ ያውቁኛል።"

"የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ" ብለው ሳቁ።

ሐሙስ ጠዋት ጨርቁን ተጠራጥራ ወደ ገዛችበት ወደ እትዬ ሐዋ ሱቅ ወረደች። "መርጬ ነበር የገዛሁት፤ ደጅ አውጥቼ በፀሐይ አይቼ" አለች። የመርካቶ ልጅ በሱቅ አምፖል ጨርቅ አትመርጥም።

"እላይስ በፀሐይ ነው የምትሠሪው?" አሏት እትዬ ሐዋ።

"በአምፖል።"

"ታዲያ አምፖሉ ሥር አየሽው? አይጧ ከምትቆምበት ሆነሽ?"

አላየችም። ደረጃውን በሩጫ ወጥታ ጭንቅላቷን ባልዲው ውስጥ ከተተች። ጨርቁ ሳቲን ነው፤ ብርሃኑ ሲያርፍበት ጥቁሩም ነጩም እኩል ያብለጨልጫል። መስመር የሚባል የለም። አፈረች፤ በራሷም ተናደደች። ወዲያው ተመልሳ ነጭ አቡጀዲና የማያብረቀርቅ ጥቁር ጥጥ ገዛችና ጣቷ እስኪደማ ሰፋች።

ዓርብ ዶክተሩ እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። ባልዲው ወደ ቀኝ ዞረ። አይጧ ጢሟን ጠረገች። ቆየት ብላ አንገቷን በዝግታ ወደ ቀኝ አዞረች፤ መለሰች፤ ደግማ አዞረች።

"አጋጣሚ ነው" አሉ።

ማሂራ ሞተሩን አቁማ የባትሪውን ሽቦዎች አቀያይራ አሰረች። ባልዲው ወደ ግራ ዞረ። አይጧም ወደ ግራ።

ዶክተሩ ጎንበስ ብለው አይጧን ደጋግመው አዩ። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"ጻፊ" አሏት። "ቁጥር አንድ ታያለች። ሁለተኛዋን አምጪ።"